የወላይታ የወንጌል እንቅስቃሴ

የወላይታ የወንጌል እንቅስቃሴ በ1928 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ የመሩት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ቡድን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ሲገባ ተጀመረ፤ ያደገው ግን ከሚሽኑ እጅ ከወጣ በኋላ ነው። ጣሊያን በ1937 ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ በወላይታ የተጠመቁት 48 ያህል ብቻ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚገመት ምእመን ጠበቃቸው። በጣሊያን ዘመን ምእመናኑ ላይ የደረሰው ስደት ብቻውን ይህን እድገት አያስረዳም፤ ስደት ያጠፋቸው ማኅበረሰቦችም አሉና። ይልቁንም እንደ ዋንዳሮ ደባሮ ያሉ የአገሬው ሰዎች እየታሰሩም በቋንቋቸው መስበካቸው፣ መልእክቱም በዘመድና በገበያ መንገድ መጓዙ ወሳኝ ነበር።

አሃዙ ከሚሲዮናውያን ወገን የመጣ ነውና ሊጠረጠር ይችላል፤ ግማሹ ብቻ እውነት ቢሆን ግን ክርክሩ አይወድቅም። ከባዱ ተቃውሞ ወላይታ ለክርስትና እንግዳ አልነበረችም የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ በተለይ ከ1894ቱ የምኒልክ ዘመቻ ወዲህ የኦርቶዶክስ ካህናት በአካባቢው ነበሩ፤ የአገሬው ሰባኪ ኢሳ ላሌም ከሚሲዮናውያኑ ቀድሞ መናፍስትን ተዉ፣ ፈጣሪን ብቻ ለምኑ እያለ ሰብኳል። የካህናቱ ሃይማኖት ግን ለብዙው ገባር ከነፍጠኛው ሥርዓት ተነጥሎ አይታይም ነበር። የኢሳ ስብከት ደግሞ አድማጩን ያዘጋጀው ከውስጥ ነው፤ ስለዚህ ተቃውሞው የውጭውን ሚሲዮናዊ ድርሻ ያሳንሳል እንጂ የአገሬውን አይነካም። የአገሬነት ብልጫው ግን ወሰን ነበረው፤ ወላይታዎቹ ወንጌላውያን ራሳቸው ወደ ጋሞና ጎፋ ሲሻገሩ እነሱም እንግዳ ሆኑ።