የታመመ እጅ ያስተማረኝ

ሰው ጤና ሳለ እጁን አያስተውልም። እጅ ይጽፋል፥ እንጀራ ይቈርሳል፥ ቍልፍ ይከፍታል፤ ባለቤቱ ግን ይህ ሁሉ ከወዴት እንደ መጣለት አይጠይቅም። እኔም ሠላሳ አምስት ዓመት ጠመኔ ይዤ ሳስተምር ስለ እጄ አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁም። ያሰብሁት ከታመምሁ በኋላ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን የምጽፈው ሕመሜን ላወራልህ ብቻ አይደለም፤ በሕመሜ ወራት ስለ አንድ ትንሽ የእጅ ሥራ ታሪክ የተማርሁትን፥ በዚያም ምክንያት የታየኝን የራሴን ጥፋት ልነግርህ ነው።

ሐኪም የደም ግፊት እንዳለብኝ ነግሮኝ ሳለ መድኃኒቱን አንድ ቀን እየዋጥሁ ሁለት ቀን እየተውሁ ኖርሁ። ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት፥ በአንድ ማለዳ፥ ግራ እጄና ግራ እግሬ አልታዘዝ አሉኝ። ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር ተዘግቶ ኖሯል፤ ይህም ዛሬ ስትሮክ የሚባለው ነው። ከሐኪም ቤት ስወጣ በከዘራ መራመድ ጀምሬ ነበር፤ እጄ ግን የሰው ዕቃ ይመስል ጭኔ ላይ ተጋድሞ ቀረ። ሰውነቴን የምታለማምደኝ ወጣት፥ «ጋሼ፥ አንጎል የጠፋበትን መንገድ መልሶ የሚያገኘው በመደጋገም ነው፤ ጣቶችዎን ሥራ አያስፈቱአቸው» ብላ የምጨብጠው የጎማ ኳስ ሰጠችኝ። ኳሱ በሦስት ቀን ሰለቸኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ የመስኮቱ ብርሃን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲሄድ እያዩ መዋል ሆነ።

ባለቤቴ እንደ እኔ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ናት። በዚያ ትምህርት ቤት እኛ ወንዶቹ አትክልት ስንኰተኵት ሴቶቹ ልጆች ጥልፍና ሹራብ ይማሩ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት የሹራብ መሥሪያ መርፌዎችና አንድ ልቃቂት የሱፍ ክር አመጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠች።

«ይህ የሴት ሥራ ነው» አልኋት።

«ታዲያ ግራ እጅህ ወንድ መሆኑን ማን ነገረህ? ይልቅስ ያዘው፤ ክር አይናከስም» አለችኝ።

ሃያ ቀለበት በመርፌው ላይ ሠራችልኝና አሳየችኝ። የቀኙ መርፌ በግራው መርፌ ላይ ካለው ቀለበት ውስጥ ይገባል፤ ክሩን ስቦ አዲስ ቀለበት ያወጣል፤ አሮጌው ቀለበት ከግራው መርፌ ይወርዳል። ሥራው ሁሉ ይኸው ነው። ነገር ግን መርፌው ከግራ እጄ ስንት ጊዜ እንደ ወደቀ አልቈጠርሁትም፤ የመጀመሪያውን መሥመር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። በማግሥቱ ሁለት መሥመር ሠራሁ። ሸማ ድርና ማግ አለው፤ ሹራብ ግን ከአንድ ክር የሚሠራ ስለ ሆነ አንዲት ቀለበት ካመለጠች ከሥሯ ያሉት ሁሉ ተራ በተራ ይተረተራሉ። ይህን እንደ ክፋቱ ቈጥሬው ነበር፤ በኋላ ግን ደግነቱም እዚያው እንዳለ አየሁ። የተበላሸው ሲተረተር ክሩ አይጠፋም፤ እንደ ገና ይሠራበታል።

መምህር የነበረ ሰው እጁ ሲሠራ አእምሮው ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ይህ ሥራ ከየት መጣ? የማንስ ነበር? ብዬ የልጅ ልጄን እያስፈለግሁ አስነበብሁ። በግብፅ አገር፥ ጥንት ኦክሲሪንኮስ ትባል በነበረችው ከተማ ስፍራ፥ በ250 እና በ420 መካከል የተሠራ ቀይ የእግር ሹራብ ተገኝቶ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይኖራል። (የውጭ አገር ነገር ስናገር ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ከጫማ ማሰሪያ ጋር እንዲስማማ የአውራ ጣቱ ቦታ ተለይቶ ተሠርቷል። ይህ ግን በአንድ መርፌ የተሠራ ነው፤ በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ መርፌዎች የሚሠራው ጥበብ በዚያው በግብፅ የታየው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ግብፆች ዛሬም ለእግር ልብስ የሚሰጡት ስም ከእኛው «ሹራብ» ጋር አንድ ዘር ነው። እኛ ስሙን ለደረት ልብስ አድርገን፥ ለእግሩ ከኢጣልያንኛ «ካልሲ»ን ወሰድን።

የሴት ብቻ ነው ማለቴም ስሕተት ሆኖ ተገኘ። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ላንድ በሚባለው ረግረጋማ አገር፥ በ19ኛው መቶ ዓመት፥ ወንዶች እረኞች በረጃጅም የእንጨት እግሮች ላይ ቆመው በጎቻቸውን ሲጠብቁ ሹራብ ይሠሩ ነበር። በፔሩ አገር፥ በቲቲካካ ሐይቅ ውስጥ ባለችው በታኪሌ ደሴት፥ መርፌ ይዘው የሱፍ ቆብ የሚሠሩት ዛሬም ወንዶች ናቸው፤ የደሴቲቱን የሽመናና የሹራብ ጥበብ ዩኔስኮ በ2005 ከዓለም ቅርሶች አንዱ ብሎ አውጆታል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የጆርጅ ባርተን ታሪክ ነው። ይህ ሰው በ1871 የተወለደ አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ዐዋቂ ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ታመመ፤ በኋላም እግሩ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ግራ ጐኑ ሽባ ሆነ። በእጅ ሥራ ራሱን አበረታና በ1914 በኒውዮርክ ግዛት በክሊፍተን ስፕሪንግስ ሕመምተኞች እየሠሩ የሚያገግሙበት ቤት ከፈተ፤ ስሙንም የመጽናኛ ቤት አለው። በመጋቢት 1917 በዚያው ቤት ስድስት ሰዎች ተሰብስበው በሥራ የማዳንን ሙያ የሚያስፋፋ ማኅበር መሠረቱ። በ1918 ይህን ትምህርት የተማሩ ሴቶች ከአሜሪካ ወደ ፈረንሳይ ተልከው የቈሰሉ ወታደሮችን የእጅ ሥራ አስተማሩ። በመድፍ መካከል የነበሩ ወንዶች አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሹራብና ጥልፍ ሠሩ፤ ወንድነታቸውም አልጐደለባቸውም።

እጅግ ሩቅ ሳልሄድ ግን ነገሩ በገዛ አገሬ ነበረ። በእኛ ዘንድ ጥጥ የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ሸማ የሚሠሩት ግን ከጥንት ጀምሮ ወንዶች ነበሩ። ለልብሱ ጌጥ «ጥበብ» የሚል ስም ሰጠን፤ ለሠሪው ግን ስድብ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ይህን ዐዋጅ ስንት ጊዜ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ!

አንባቢ ሆይ፥ አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስሁ። በ1981 ዓ.ም. የሰባተኛ ክፍል ሳስተምር፥ ከመንዝ መጥቶ አክስቱ ዘንድ የሚኖር አንድ ልጅ ነበረ። አንድ ቀን በትምህርት ሰዓት ከጠረጴዛው ሥር ሹራብ ሲሠራ ያዝሁት። ሠርቶ እየሸጠ ደብተር ይገዛ እንደ ነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ትምህርቱን ባለመከታተሉ ብገሥጸው ተገቢ ነበር። እኔ ግን መርፌዎቹን ወደ ላይ አንሥቼ ለክፍሉ አሳየሁና፥ «ከዛሬ ጀምሮ ቦታህ ከሴቶቹ ጋር ነው» አልሁት። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ልጁ ወደ መሬት አየ። በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰም። የቀረው በእኔ ምክንያት ይሁን በሌላ፥ አልጠየቅሁም። መርፌዎቹንም አልመለስሁለትም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል ረስቼው ኖርሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን መርፌው ከደካማው እጄ ወድቆ ወለሉ ላይ ሲያቃጭል የዚያ ልጅ ፊት መጣብኝ። እኔ በሦስት ወር ልፋት የተማርሁትን እርሱ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ሳያይ በጣቱ ያውቀው ነበር። የምኒልክን ዐዋጅ በጠመኔ ጽፌ በአፌ የሻርሁት እኔ መምህሩ ነበርሁ።

ዛሬ ግራ እጄ የሸሚዝ ቍልፍ ይቈልፋል፤ ብርጭቆም ይይዛል፤ ሲበርድ ግን አሁንም ይደነዝዛል። መርፌው ብቻውን አዳነኝ አልልም፤ የግፊቱን መድኃኒት ሳላቋርጥ እውጣለሁ፥ ልምምዱንም አልተውሁም። ነገር ግን ኳሱን የጣልሁትን ሰው መሥመር ከመሥመር እየሳበ ጠዋት ያስነሣኝ ይህ የናቅሁት ሥራ ነው። ለልጅ ልጄ የሠራሁላት ቆብ አንድ ጐኑ ጠበብ ብሏል፤ እርሷ ግን ታደርገዋለች።

የተበላሸ ሹራብ ይተረተራል፤ ለልጅ የተነገረ ቃል ግን አይተረተርም። ስለዚህ በማስተማር ላይ ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ልጅን ስለ ስንፍናው ገሥጹት እንጂ እጁ በሚያውቀው ሥራ አታሳፍሩት። ያ ልጅ ዛሬ ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጋ ሰው ነው። ይህ መጽሐፍ እጁ ቢገባ፥ ሁለት መርፌ ዕዳ እንዳለብኝ ይወቅልኝ፤ ይቅርታም እለምነዋለሁ።