«ታገተ»፦ ከከብት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሰው

ባለፈው ሰሞን ገንዳ ውኃ የምትኖር አክስቴ ስልክ እያናገረች በድንገት ጮኸች። ለንደን ያለው ልጇ ነው የደወለው። «እማዬ፣ ታግታብኝኮ ነው ከሥራ የቀረሁት» አላት። «ማን? ማንን ወሰዱብኝ?» ስትል ጎረቤት ተሰበሰበ። ለካ የታገተችው መኪናው ናት! ማቆም በማይፈቀድበት ቦታ አቁሟት ጭነው ወስደዋታል። እንግሊዝኛው «ኢምፓውንድ» ይለዋል፤ ልጁ ወደ አማርኛ ሲመልሰው «ታገተች» አለ።

ሁላችንም ሳቅን። አክስቴ ግን አልሳቀችም። በጎንደር–መተማ መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ቃል አያስቅም። እኔም ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው የልጁ ትርጉም ልክ ሆኖ አገኘሁት። ረዘም ትላለች፣ ታገሱኝ።

ከእንግሊዝኛው እንጀምር። «ቶው» ማለት መጎተት ነው፤ መኪና ከመፈጠሩ በፊት ጀልባና መርከብ በገመድ ሲጎተት የሚባል ነበር። ጎታች መኪናም ቢሆን መጀመሪያ የተሠራው ለቅጣት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ ቴነሲ፣ ቻታኑጋ ከተማ፣ ኧርነስት ሆልምስ የሚባል ባለ ጋራዥ ወንዝ ውስጥ የገባች መኪና በገመድና በሰው ጉልበት ለማውጣት ብዙ ሰዓት ለፋ። ከዚያ በኋላ ነው መኪና ላይ ማንሻ መግጠም ያሰበው።

«ኢምፓውንድ» ደግሞ ከነጭራሹ የከብት ቃል ነው። «ፓውንድ» (ከገንዘቡ ጋር ድምፁ ገጠመ እንጂ ሌላ ቃል ነው) በእንግሊዝ ገጠር የባዘነ ወይም የሰው ሰብል የበላ ከብት ተይዞ የሚቆይበት በረት ነበር። ባለቤቱ ካሳውን ከፍሎ ያስፈታል። ዛሬም ለንደን ውስጥ የተነሳ መኪና የሚቀመጥበት ግቢ ስሙ ያው «ፓውንድ» ነው።

የእኛስ? የመኪና ቃላችን አብዛኛው ከጣሊያን የመጣ ነው፦ መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሬቻ፣ ክሪክ። መንግሥት መኪናውን የሚቆጣጠርባቸው ታርጋና ቦሎም እንደዚያው። መተማ ድንበር ላይ ስትቆሙ ነገሩ በደንብ ይታያል። ከወዲያ፣ ገላባት፣ እንግሊዝ እስከ 1956 የቆየበት ሱዳን ነውና የጭነት መኪናው «ሎሪ» ነው፤ ከወዲህ በጣሊያኑ ቃል «መኪና» ነው። ሁለቱ ኃያላን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1940 እዚያው ተፋጠዋል፤ ያን ጊዜ ከእንግሊዝ ታንኮች ብዙዎቹ በድንጋይና በፈንጂ ሰንሰለታቸው ተበጥሶ ቆመዋል።

ዕቃው ከውጭ ቢመጣም ለድርጊቱ የራሳችን ቃል አለን፦ መጎተት፣ መሳብ፣ ተሳቢ። በክረምት የመተማ ጥቁር አፈር መኪና ሲውጥ ትራክተር መጥቶ በሰንሰለት ይጎትተዋል። እዚህ መጎተት ውለታ ነው እንጂ ቅጣት አይደለም።

ቅጣቱ «ማገት» ነው። በገጠራችን ማገት ማለት የሰው እህል የበላ ከብት ይዞ ማቆየት ነው። ባለ ከብቱ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፣ የተበላው ይገመታል፣ ካሳው ይከፈላል፣ ከብቱ ይነዳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ያውቀዋል፦ በይዞታው ላይ ጉዳት ያደረሰበትን የሌላ ሰው ከብት ባለይዞታው ለካሳው መያዣ አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ሳያውቀው እንግሊዝኛውን ከነሥሩ ነው የተረጎመው። ሁለት የገበሬ አገር አንድ ሐሳብ አስበዋል።

ሁለቱም ጋ ግን ማገት ልክ ነበረው። ጥፋት መኖር አለበት፣ ጉዳቱ መገመት አለበት፣ ከመሐል ዳኛ መኖር አለበት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1267 ባወጡት የማርልቦሮ ሕግ በመያዣ የተያዘን ንብረት ከአውራጃው አውጥቶ መንዳትን ከልክለዋል፤ ባለቤቱ ፈልጎ እንዳያጣው መሆኑ ነው። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ የግል ድርጅቶች ጎማ እየቆለፉ «ክፈልና ልፍታልህ» ማለት ሲጀምሩ የስኮትላንድ ፍርድ ቤት በ1992 ይሄ አስገድዶ ገንዘብ መቀበልና ስርቆት ነው አለ። እንግሊዝና ዌልስ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ያለ ሕጋዊ ሥልጣን በግል መሬት ላይ የቆመ መኪና መቆለፍንም መጎተትንም ወንጀል አደረጉት። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ዳኛ ካለ መያዣ ነው፣ ዳኛ ከሌለ ዘረፋ ነው።

አሁን ወደ እኛ መንገድ ተመለሱ። ዛሬ «እገታ» ሲባል ከብት ትዝ የሚለው ማን ነው? ሾፌር ነው የሚታገተው፣ ተሳፋሪ ነው፣ ሰሊጥ ሊያጭድ የወረደ የቀን ሠራተኛ ነው። ያጠፋው ጥፋት የለም። የሚገምት ሽማግሌ የለም። ዋጋው የሚወጣው ዘመዶቹ መሸጥ የሚችሉትን አይቶ ነው። ከሕጉ ሁሉ የተረፈው «ክፈልና ውሰድ» የምትለው ብቻ ናት።

ለዚህ ነገር ቃሉ ራሱ የሚከብደኝ ለዚያ ነው። «አገቱ» ስንል ሳናስበው የያዥ መብት ያለበትን የአባቶቻችንን ቃል እያዋስናቸው ነው። ከብት የሚያግት ገበሬ ተበድሎ ነበር። እነዚህ በማን ተበደሉ?

የአክስቴ ልጅ ቅጣቱን ከፍሎ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ፣ መኪናውን ነድቶ ወጥቷል። ደረሰኝ!

በእናንተ አካባቢ ሰብል የበላ ከብት ሲያዝ ምን ትሉታላችሁ? «ማገት» ነው ወይስ ሌላ ቃል አላችሁ? የምታውቁ ታላላቆች ኮሜንት ላይ ጻፉልን።