የጭራ አጥንት ሕመም፦ ለጤና ባለሙያ በምን ስም ይነገር?

የጭራ አጥንት የአከርካሪ የመጨረሻው ጫፍ ሲሆን በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል፣ ከፊንጢጣ ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። ከ3 እስከ 5፣ በብዙዎች ላይ 4፣ ትናንሽ አጥንቶች ተያይዘው ይሠሩታል። የጅራት አጥንትም ይባላል። በሕክምና የሚጠራበት ኮክሲክስ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ኩኩ የተባለችው ወፍ ነው፤ አጥንቱ የወፏን ምንቃር ስለሚመስል ነው ስሙ የተሰጠው።

«ጭራ» መባሉ ትርፍ አካል ቢያስመስለውም ሥራ አለው። ሽንትንና ሰገራን ለመቆጣጠር የሚረዱ ጡንቻዎች ከእርሱ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ሰው ወደ ኋላ ተደግፎ ሲቀመጥም ከክብደቱ የተወሰነው በዚሁ አጥንት ላይ ያርፋል።

ሕመሙን ለመናገር ግን አንዳንድ ተገልጋዮች ያፍራሉ። «ወገቤን ያመኛል» ሲባል ባለሙያው ከፍ ያለውን የአከርካሪ ክፍል ሊመረምር ይችላል። «መቀመጫዬን» ሲባል ደግሞ ኪንታሮት ሊመስለው ይችላል። በሁለቱም መንገድ ሕክምናው ወደማይመለከተው ቦታ ይሄዳል። ስለሆነም «የጭራ አጥንቴን ያመኛል» ብሎ በግልጽ መናገር ይገባል፤ ቃሉ ነውር የለበትም። ስሙ ቢጠፋ እንኳ ቦታውን በአንድ ጣት ማመልከት ይበቃል። ምርመራው በአመዛኙ በእጅ በመንካት የሚከናወን በመሆኑ ተመሳሳይ ፆታ ያለው ባለሙያ ወይም አብሮ የሚቆም ሰው እንዲኖር መጠየቅ ይቻላል።

ሕመሙ በአብዛኛው የሚነሣው በመቀመጫ ከመውደቅ ነው። ወሊድ፣ በጠንካራ መቀመጫ ላይ ለረጅም ሰዓት መቆየትና ብስክሌት ማዘውተርም ያስከትሉታል። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ዋናው ምልክቱ ሲቀመጡ፣ ይልቁንም ከተቀመጡበት ሲነሡ የሚብስ ሕመም ነው።

ብዙ ሕሙማን በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። በበርጩማም ሆነ በወንበር ሲቀመጡ ወደ ፊት ዘንበል ማለት፣ ቶሎ ቶሎ መነሣት፣ ከኋላ በኩል ክፍተት ያለው ትራስ መጠቀም፣ ድርቀት እንዳይኖር ውኃና አትክልት ማዘውተር ይረዳል። ፓራሲታሞልን የመሰለ ማስታገሻ በባለሙያ ምክር ይወሰዳል። የተመታን አጥንት ማሳሸት ግን ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል አይመከርም። ሕመሙ ካልቀነሰ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልካል፤ በዚያም እንደ ሁኔታው ራጅ ይነሣል፣ መርፌ ወይም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ይሰጣል። አጥንቱን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ሌላው ሁሉ ሳይረዳ ሲቀር ብቻ አልፎ አልፎ የሚደረግ ነው።

ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ድንዛዜ ከተሰማ ወይም እግር ከዛለ ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ የግድ ነው። ትኩሳት፣ መግል ያዘለ እብጠት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ከሕመሙ ጋር ከታየም መንሥኤው ሌላ ሊሆን ስለሚችል በአፋጣኝ መመርመር ያስፈልጋል።

ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን እንደምትችል የምትጠረጥር ተገልጋይ ራጅ ከመነሣቷና መድኃኒት ከመቀበሏ በፊት ይህንኑ ለባለሙያው ማሳወቅ ይኖርባታል።