የአገር ውስጥ ድርሻ፦ ተርባይን ሲተከል ለጎንደር በያጅ ምን ይደርሰዋል?

«ሎካል ኮንተንት» የሚለው ቃል በጨረታና በኢንቨስትመንት ሰነዶች ውስጥ እየተለመደ መጥቷል። «የአገር ውስጥ ይዘት» የሚሉት አሉ፤ እኔ «የአገር ውስጥ ድርሻ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ዋናው ጥያቄ ለማን ምን ያህል ይደርሳል የሚል ነውና። ለአንድ ፕሮጀክት ከሚወጣው ገንዘብ አገር ውስጥ ለተመረተ ዕቃ፣ ለአገሬው ባለሙያና ጉልበት የሚውለው ክፍል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመቶኛ ይሰላል።

በ2007 ዓ.ም. የተመረቀውን አዳማ ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫ እንይ። 102 ተርባይኖች፣ 153 ሜጋ ዋት። ከወጪው 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነበር፤ ተርባይኖቹም ከቻይና ተጭነው መጡ። ለእኛ የቀረው በአብዛኛው ቁፋሮው፣ አርማታውና መንገዱ ነው። ግንባታው ሲያልቅ እንዲህ ያለው ሥራ አብሮ ያልቃል።

ድርሻን ለማሳደግ ቅርቡ በር የተርባይኑ ምሰሶ ይመስለኛል። ወፍራም ላሜራ በማሽን ተጠቅልሎ ይበየዳል፤ ብየዳው በአልትራሳውንድ ይመረመራል፤ ቁራጮቹ ተከላው ቦታ ላይ ተደራርበው በቡሎን ይታሰራሉ። ጎንደር እንዲህ ያለ ፋብሪካ የላትም፤ በያጅና የቶርኖ ባለሙያ ግን አላት። የብረት ሥራ ለአካባቢው አዲስ አይደለም፤ ከከተማዋ ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች መንደር ነበረች። ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋትም አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት የውጭ ዕውቀትን ከአገሬው ጉልበት ጋር አገናኝተው ነው።

ክንፉን መሥራት ግን ይከብዳል። ፋይበርግላስ በቅርጽ ማውጫ ላይ ተነባብሮ ሙጫ ይጠጣል፤ ብዙው የእጅ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ሆኖ ስለሚሠራና ርዝመቱ ከ40 ሜትር ስለሚያልፍ፣ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ሰሜን ጎንደር ዳባትና ደባርቅ ከፍታ ማድረሱ ራሱ ትልቅ ወጪ ነው።

ደቡብ አፍሪካ አትላንቲስ ላይ የምሰሶ ፋብሪካ ያገኘችው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። መንግሥት በተከታታይ ባወጣቸው ጨረታዎች ውስጥ የአገር ውስጥ ድርሻን ግዴታ አድርጎ ነበር። የሞሮኮዋ ታንጀርም በ2017 እ.ኤ.አ. የክንፍ ፋብሪካ ከፍታለች። ለአንድ ማመንጫ ብሎ ፋብሪካ የሚተክል ባለሀብት የለም፤ ተከታታይ ትዕዛዝ ይፈልጋል።

ስለዚህ ቀጣዩ የንፋስ ኃይል ውል ሲፈረም ሜጋ ዋቱን ብቻ ሰምተን አንለፍ፤ የአገር ውስጥ ድርሻው ስንት በመቶ እንደሆነና ምሰሶው የት እንደሚበየድ እንጠይቅ። የሙያ ኮሌጆቻችንም ብየዳው የአልትራሳውንድ ምርመራውን የሚያልፍ በያጅ ከአሁኑ ያዘጋጁ።