ከከተማ ዳር ወደ መሥሪያ ቤት፦ የመንግሥት ሠራተኛው የዕለት ጉዞ በአዲስ አበባ

በአዲስ አበባ የሚገኙ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች መደበኛ ሥራቸውን የሚጀምሩት ከጠዋቱ 2፡30 ሰዓት ላይ መሆኑ ይታወቃል። በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖረውና መሥሪያ ቤቱ በአራት ኪሎ ወይም በሜክሲኮ አካባቢ የሆነው ሠራተኛ ግን ቀኑን የሚጀምረው ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በአውቶቡስ ፌርማታ ተሰልፎ ነው። ይህ ጽሑፍ የመንግሥት ሠራተኛው መኖሪያና የሥራ ቦታ እንዴት እየተራራቁ እንደመጡና በሁለቱ መካከል ያለው ጉዞ በምን በምን እንደሚከናወን ያስረዳል። የሠራተኛ አስተዳደር ሥራ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦችንም ያመለክታል።

በቅድሚያ የሰዓቱን ስሌት መመልከት ይጠቅማል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 እና እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግገዋል። አኃዙ በዘፈቀደ የተወሰደ አይደለም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት በኋላም ከ7፡30 እስከ 11፡30 ሲሠራ በቀን 8 ሰዓት፣ በአራት ቀን 32 ሰዓት ይሆናል። ዓርብ የምሳ ዕረፍቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሚረዝም የቀኑ ሥራ 7 ሰዓት ነው፤ ድምሩም 39 ይመጣል። ለመሄጃ ሁለት ሰዓት፣ ለመመለሻም ሁለት ሰዓት የሚፈጅበት ሠራተኛ በሳምንት 20 ሰዓት በመንገድ ላይ ያሳልፋል ማለት ነው። ይህም ሕጉ ከደነገገው የሥራ ጊዜ ግማሽ በላይ ነው። ሠራተኛው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ እስኪመለስ በቀን 13 ሰዓት ይቆያል፤ በሰዓት ፊርማው መዝገብ ላይ የሚታየው ግን ስምንቱ ብቻ ነው።

ርቀቱ ድሮም እንዲህ አልነበረም። ቀደም ባሉት ዘመናት የአዲስ አበባ ነዋሪ አብዛኛውን ጊዜ ከሚሠራበት ቦታ እምብዛም ሳይርቅ ይኖር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት እንዲሆኑ የተደነገገው አዋጅ ከወጣ በኋላ በቀበሌ ሥር የተጠቃለሉት ቤቶች ኪራያቸው እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ሠራተኛ በፒያሳ፣ በካዛንቺስ፣ በልደታና በአራት ኪሎ ዙሪያ ለመኖር ችሏል። ቤቶቹ ያረጁና የተጨናነቁ፣ መጸዳጃና ማብሰያቸው የጋራ የሆነ ቢሆኑም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበራቸው፤ ቢሮ በእግር ይደረሳል፣ ምሳም እቤት ይበላል።

ይህን አሰፋፈር የለወጠው በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ ደረጃ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች በከተማይቱ ውስጥ በተገኙ ክፍት ቦታዎችና በፈረሱ መንደሮች ላይ የተተከሉ ነበሩ። የፈላጊው ብዛት ሲጨምርና በመሀል ከተማ መሬት እየጠበበ ሲሄድ ግን ግንባታው ወደ ዳር ወጣ። ከጀሞና ከሰሚት ቀጥሎ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦና ኮዬ ፈጬ ተከታተሉ። በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው የቤት ፈላጊዎች ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ ሰዎች መመዝገባቸው የፍላጎቱን ስፋት ያሳያል። ከእነዚህም መካከል በርካታው በየወሩ ከደመወዙ እየቆጠበ ዕጣ የሚጠብቅ የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

ዕጣ የወጣለት ሠራተኛ የሚገጥመው ምርጫ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ለዓመታት የቆጠበበትን ቤት ቁልፍ ይረከባል፤ ነገር ግን ቤቱ ከቢሮው ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ሊርቅ ይችላል። በዕጣ የተገኘን ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው ለሌላ መሸጥ ስለማይፈቀድ፣ ሸጦ መሀል ከተማ መግባት አይችልም። አንዳንዱ ቤቱን አከራይቶ ራሱ በቢሮው አቅራቢያ አንድ ክፍል ይከራያል፤ በዚህም የቤት ባለቤት ሆኖ ተከራይ ይሆናል። ልጆች ያሉት ደግሞ ትምህርት ቤታቸውን ለማዛወር ወይም እነርሱንም በጨለማ እየቀሰቀሰ ይዞ ለመውጣት ይገደዳል። የቤት ችግሩ ተፈቷል ተብሎ በሚመዘገብበት ቀን የመንገድ ችግሩ ይጀምራል ቢባል የተጋነነ አይሆንም።

ከከተማይቱ ወሰን ውጭ የሚኖረው ሠራተኛ ቁጥርም ቀላል አይደለም። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ለረጅም ጊዜ የቤት ኪራይና የቦታ ዋጋ የከበደባቸው የአዲስ አበባ ሠራተኞች መኖሪያ ሆነው ቆይተዋል። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል በተቋቋመው የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። ከዚያ የሚመጣው መንገደኛ ብዙውን ጊዜ በወሰኑ አካባቢ ተሽከርካሪ ይለውጣል፤ የሰበታው አየር ጤና ላይ፣ የቡራዩው አስኮ ወይም ዊንጌት ላይ፣ ከገላንና ከዱከም የሚመጣው ቃሊቲ ላይ ይወርዳል። የስምሪቱም ሆነ የታሪፉ ተቆጣጣሪ በወሰኑ በሁለቱ ወገን የተለያየ ነው። ለሠራተኛው ጉዞው አንድ ነው፤ ለአስተዳደሩ ግን ሁለት ነው።

የማጓጓዣ አማራጮቹን በተመለከተ አንጋፋው የአንበሳ አውቶቡስ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ በጥቂት ተሽከርካሪዎች የተጀመረው ይህ አገልግሎት ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ የሠራተኛው ዋነኛ መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. የሸገር አውቶቡስ ታክሎበታል። የአውቶቡሱ ድክመት ዋጋው ሳይሆን አለመታወቁ ነው። መንገደኛው የሚቀጥለው አውቶቡስ በአምስት ደቂቃ ይምጣ ወይም በአርባ ደቂቃ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ ለሁሉም ይሁን ብሎ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ የጥበቃው ርዝመት ጊዜውን ይበላበታል።

ከአሥራ ሁለት ሰው የማይበልጥ የሚጭነው ሚኒባስ ታክሲ ክፍተቱን ይሞላል። ታክሲዎች በተመደበላቸው መስመር ብቻ እንዲሠሩ የሚያደርገው የስምሪት አሠራር ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ ውሏል። ሆኖም ጠዋትና ማታ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ረጅሙን መስመር ለሁለት ከፍሎ ሁለት ጊዜ ማስከፈል፣ በተለምዶ ‹‹መንገድ ማቆራረጥ›› የሚባለው፣ ዛሬም የመንገደኛው ምሬት ነው። በዚህ ረገድ የሚጎዳው ሩቅ የሚኖረው ነው፤ የአጭር መስመር ተጓዥ የሚቆራረጥበት መንገድ የለውም።

ቀላል ባቡሩ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋው መስመር በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ደግሞ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ተከትሏል። ሁለቱ መስመሮች በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ለግንባታው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ወጪ የተደረገ ሲሆን፣ የዚህም 85 በመቶ የተሸፈነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። ከተገዙት 41 ባቡሮች መካከል በርካቶቹ በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ውጭ በመሆናቸው በጣቢያዎቹ ያለው ጥበቃ ረዝሟል፤ መጨናነቁም ብሷል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የከተማይቱን ካርታ ለሚመለከት ሰው ጎልቶ የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ባቡሩ ቃሊቲና አያት ላይ ያበቃል፤ ትላልቆቹ የጋራ መኖሪያ መንደሮች፣ ማለትም ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ቦሌ አራብሳ፣ የተሠሩት ከሁለቱ የመጨረሻ ጣቢያዎች ባሻገር ነው። ሐዲዱና ቤቶቹ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ከተማ ተገንብተው ሳይገናኙ ቀርተዋል። መንገደኛው እስከ ጣቢያው በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር፣ ከባቡር ወርዶ እንደገና በታክሲ ወይም በእግር ይሄዳል።

ለመንግሥት ሠራተኛው ከሁሉ የቀረበው መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ሰርቪሱ ነው። ቀደም ሲል መኪና ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ብቻ ለሠራተኞቻቸው ሰርቪስ ያቀርቡ ነበር፤ የሌላቸው መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ግን ከዚህ ዕድል ውጭ ነበሩ። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የተቋቋመው የፐብሊክ ሰርቪስ ሠራተኞች ትራንስፖርት አገልግሎት ድርጅት በ2006 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በተገጣጠሙ አውቶቡሶች ሥራ ሲጀምር ይህ ልዩነት ጠበበ። ሠራተኛው የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ አሳይቶ ያለ ክፍያ ይሳፈራል። ከደመወዝ ጭማሪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ የሚመስለው ይህ ጥቅም ለዝቅተኛ ተከፋዩ ሠራተኛ ግን ትልቅ ነው፤ በቀን አራት ጊዜ ታክሲ የሚይዝ ሰው በወር ከደመወዙ ምን ያህሉን በመንገድ ላይ እንደሚበትን ራሱ ያውቀዋል።

ሰርቪሱ ግን አንድ ባሕርይ አለው፤ አይጠብቅም። ጠዋት በተወሰነ ሰዓት ያልፋል፤ ማታም ከ11፡30 በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይነሳል። እዚህ ላይ ጉዳዩ ከትራንስፖርት ባለሥልጣናት እጅ ወጥቶ በየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። አንድ የሥራ ክፍል ኃላፊ ከቀኑ 10፡30 ላይ ስብሰባ ጠርቶ ‹‹አጠር አድርገን እንጨርሳለን›› ቢልና ስብሰባው እስከ 12 ሰዓት ቢዘልቅ፣ በአቅራቢያው ለሚኖረው ሠራተኛ የጠፋው ግማሽ ሰዓት ነው። የቱሉ ዲምቱዋ ጸሐፊ ግን ሰርቪሱ ስለሚያመልጣት በጨለማ ሁለት ወይም ሦስት ታክሲ ለመያዝ፣ ከኪሷም ለመክፈል ትገደዳለች። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም እቤት ሕፃን የሚጠብቃት ከሆነ ጉዳቱ የበለጠ ነው። በስብሰባው ማብቂያ ላይ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ሠራተኞች ሰዓታቸውን ደጋግመው የሚመለከቱት ሥራ ስለሰለቻቸው ላይሆን ይችላል።

በጠዋቱ በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ። የሥራ ሰዓትን ያለ በቂ ምክንያት ደጋግሞ አለማክበር በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የዲሲፕሊን ጥፋት መሆኑ ትክክል ነው፤ ባለጉዳዩ በር ላይ ቆሞ ሠራተኛው ቢሮ አለመኖሩ በምንም ሁኔታ የሚደገፍ አይደለም። ‹‹ሰርቪስ አመለጠኝ›› የሚለውን ምክንያት መሸሸጊያ የሚያደርጉ መኖራቸውም አይካድም። ይሁን እንጂ በፊርማ መዝገቡ ላይ የቀዩን መስመር የሚያሰምረው የሥራ ሂደት ያረፈዱት ሠራተኞች የት እንደሚኖሩ ጎን ለጎን ቢመለከት፣ የአንድ ሰው ስንፍናና የአንድ መስመር መቋረጥ የተለያዩ መሆናቸውን በቀላሉ ይለያል። ከአንድ መንደር የሚመጡ አምስት ሠራተኞች በአንድ ቀን ካረፈዱ ማብራሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ሠራተኞቹ ብቻ አይደሉም።

ሰዓትን በማሸጋሸግ ወይም ከቤት በመሥራት መፍትሔ ይገኝ እንደሆነ ለማየት ባልታሰበ መንገድ ዕድል የተገኘው በ2012 ዓ.ም. ነበር። የኮሮና ወረርሽኝን ለመከላከል ከመጋቢት ወር አጋማሽ ጀምሮ አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተወሰነ፤ የሕዝብ ማመላለሻዎችም ከመጫን አቅማቸው ግማሹን ብቻ እንዲይዙ ተደረገ። ሥራው ከወረቀት ፋይል ጋር የተሳሰረ ሠራተኛ ከቤቱ ብዙ ሊያከናውን አልቻለም። ሪፖርት፣ ጥናትና ረቂቅ የሚያዘጋጀው ባለሙያ ግን ሊሠራ እንደሚችል ታይቷል። የወረርሽኙ ሥጋት ሲቀንስ ግን ልዩነቱ ሳይጠና ሁሉም ወደ ቀድሞው አሠራር ተመለሰ፤ ይህ በጸሐፊው እምነት የባከነ ልምድ ነው።

በመንገድ በኩል ከዊንጌት በሜክሲኮ አድርጎ ጀሞ የሚደርስ ለፈጣን አውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመር ለመዘርጋት ዕቅድ ወጥቶ ነበር። በአንዳንድ ጎዳናዎች ላይም ለአውቶቡስ የተለየ መስመር ተቀብቷል። የቀለም መስመር የሚሠራው ግን የቤት መኪናዎች ሲያከብሩት ብቻ ነው፤ በተጨናነቀ ጠዋት በዚያ መስመር ገብተው ከሚገኙት መካከል የመንግሥት ሰሌዳ የለጠፉ ተሽከርካሪዎችም አሉ። በአንዷ መኪና ውስጥ የተቀመጠው አንድ ኃላፊ ከኋላው የሚያቆመው አውቶቡስ የራሱን ሠራተኞች የያዘ ሊሆን ይችላል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳ፣ ቀጥሎም በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በተከናወነው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ የነበሩት መንደሮች በመነሳታቸው፣ በእግራቸው ቢሮ ይገቡ ከነበሩት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ወደ ዳር ሰፈሮች ተዛውረዋል። ይህም የረጅም ርቀት ተጓዡን ቁጥር የሚጨምር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ማኅደር ውስጥ ያለው አድራሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው በተቀጠረበት ቀን የሞላው ነው፤ ወረዳውም፣ የቤት ቁጥሩም የፈረሰ ሊሆን ይችላል። ሰርቪስ የሚመደበው በሠራተኛው ብዛትና በመኖሪያው አካባቢ በመሆኑ፣ አድራሻው ካልታደሰ የአውቶቡሱ መስመር ሰው ወደሌለበት ሰፈር መሄዱን ይቀጥላል። ማኅደሩን ለማደስ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ቅጽና የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።