ሰባቱ ልጆች፦ የ1966ቱ ቴክሳስ ዌስተርን በአንዲት ደጋፊ ዓይን

የመጽሔታችን አዘጋጆች «እስኪ ከሕክምና ውጭ የሆነ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ ብዙ አላሰብኩም። ስለ አንድ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን እጽፋለሁ አልኳቸው። ቡድኑ የእኛ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ፣ ቴክሳስ ከሜክሲኮ በምትዋሰንበት በኤል ፓሶ ከተማ የነበረ ነው። ጨዋታውም የተደረገው እኔም ሆንኩ አብረውኝ የተመረቁት ሳንወለድ፣ መጋቢት 10 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ማርች 19 ቀን 1966 መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቴክሳስ ዌስተርን የሚባል ብዙም የማይታወቅ ኮሌጅ አምስት ጥቁር ተጫዋቾች አሰልፎ፣ ነጮችን ብቻ የያዘውን ኃያሉን ኬንታኪን 72 ለ 65 አሸነፈና የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። በፍጻሜ ጨዋታ አምስት ጥቁሮች አንድ ላይ ሲጀምሩም ያ የመጀመሪያው ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ግን ይህንን ለሚነግረኝ ሰው «እስኪ ስማቸውን ጥራልኝ» ስለው፣ ከአንድ ወይም ከሁለት አያልፍም። የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው። ልጆቹ የቆዳ ቀለማቸው ታሪክ ሆኖ ሲቀር ጨዋታቸው ተረሳ። እኔ ደግሞ የኳስ ሰው ነኝ፤ ማን አስቆጠረ፣ ማን ተከላከለ፣ ማን ወንበር ላይ ቀረ የሚለውን ሳላውቅ ቡድን አውቃለሁ አልልም።

ኮሌጁ በ1914 የማዕድን ትምህርት ቤት ሆኖ ነው የተቋቋመው። ቡድኑ እስከ ዛሬ «ማዕድን ቆፋሪዎቹ» የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። አሰልጣኙ ዶን ሃስኪንስ በ1961 ሲመጣ ጥቁር ተጫዋች ለኮሌጁ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከ1956 ጀምሮ ነበሩ። ሃስኪንስ ራሱ በተጫዋችነት ዘመኑ የሄንሪ አይባ ተማሪ ነበር። የአይባ ትምህርት ደግሞ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ተከላከል፣ ኳሷን አታባክን፣ ጥሩ ዕድል እስክታገኝ ታገስ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በዚያ ዓመት 28 ጨዋታ አሸንፈው አንድ ብቻ ተሸነፉ፤ ያቺም በሲያትል 74 ለ 72 ነበረች። ወደ ፍጻሜ ያደረሳቸው መንገድ ግን የተደላደለ አልነበረም። ሲንሲናቲን ያሸነፉት በተጨማሪ ሰዓት ነው። ካንሳስን ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተጫውተው በአንዲት ነጥብ፣ 81 ለ 80። በዚያ ጨዋታ የካንሳሱ ጆ ጆ ዋይት በመጀመሪያው ተጨማሪ ሰዓት ማለቂያ ላይ ያስገባት ኳስ እግሩ መስመር ረግጧል ተብላ ተሻረች። ያቺ ኳስ ብትጸድቅ ኖሮ ዛሬ የማወራው ነገር አይኖረኝም ነበር።

አሁን ወደ ልጆቹ።

ቦቢ ጆ ሂል ከዲትሮይት አጠገብ ከሃይላንድ ፓርክ የመጣ ጋርድ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ገደማ ቢሆን ነው። በፍጻሜው 40 ደቂቃ ሙሉ ተጫውቶ ከሁሉም የበለጠ 20 ነጥብ አስቆጠረ። ከሃያው ነጥብ ይልቅ የሚወራለት ግን በመጀመሪያው አጋማሽ የነጠቃቸው ሁለት ኳሶች ናቸው። አንዱን ከቶሚ ክሮን፣ ወዲያው ተከታዩን ከሉዊ ዳምፒየር፤ ሁለቱንም እየነዳ ሄዶ ቅርጫት ውስጥ ከተታቸው። ዳምፒየር እኮ ተራ ተጫዋች አይደለም፣ በኋላ በባለሙያዎች ሊግ ስሙን ያስጠራ ኳስ አያያዥ ነው። የነጠቃውን ምስል ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሂል ኳሷን ሲወስድ የሚቸኩል አይመስልም፤ የሰውየው እጅ የሚሄድበትን ቀድሞ አውቆ እዚያ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። እኔ ከሰባቱ አንደኛ የማደርገው እሱን ነው፤ በዚህ ብዙ የሚከራከረኝም ያለ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ለሂል አልተሰጠም። የወሰደው አራተኛ የወጣው የዩታ ቡድን ጄሪ ቼምበርስ ነው። ነገሩን የዘር አድልዎ ነው ለማለት የሚቸኩሉ አሉ፤ ግን ቼምበርስም ጥቁር ነው፣ በሁለቱ የመጨረሻ ጨዋታዎቹም 70 ነጥብ አስቆጥሯል። ያኔ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ነጥብ ቆጥረዋል። ኳስ መንጠቅ ግን በነጥብ አይቆጠርም።

ሁለተኛ የማደርገው ብዙዎች የሚረሱትን ኦርስተን አርቲስን ነው። የጌሪ፣ ኢንዲያና ልጅ፣ ጋርድ። እሱም እንደ ሂል አንዲት ደቂቃ ሳያርፍ 40ውን ጨርሶ 15 ነጥብ አስቆጠረ፤ ካገኛቸው አምስት የቅጣት ምቶች አንዱንም አልሳተም። ፊልሞችና መጻሕፍት አርቲስን አይወዱትም፣ ምክንያቱም ድራማ የለውም። አይጮህም፣ አይጣላም። ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነርስ አለች፤ በማዕረግ ቀን ስሟ አይነሳም፣ እሷ ፈቃድ የወጣች ዕለት ግን ዋርዱ ይተራመሳል። አርቲስ ለእኔ እንደዚያ ነው።

ዴቪድ ላቲን የሂውስተን ልጅ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ይጠጋል፣ ትከሻውም እንደ ግድግዳ ነው። ጨዋታው ገና እንደተጀመረ ፓት ራይሊ ፊቱ ቆሞ እያለ ኳሷን ከላይ ወደ ታች ደነከራት። ያው ራይሊ ከብዙ ዓመት በኋላ የሎስ አንጀለስ ሌከርስን ያሰለጠነው ነው። ያቺን ደንክ ሁሉም ያስታውሳታል። እኔ ግን ስለ ላቲን ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የቅጣት ምቱ ነው፤ ስድስት ሞክሮ ስድስቱንም አስገባ። ያን የሚያህል ሰውነት ያለው፣ ሲገፋና ሲገፈተር የሚውል ሴንተር፣ መስመሩ ላይ ሲቆም እጁ እንዲህ ይረጋል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። በድምሩ 16 ነጥብ አለው።

ዊሊ ወርስሊ ከኒው ዮርክ ብሮንክስ ነው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ68። ሃስኪንስ በፍጻሜው ዕለት ሁለት ሜትር ያለፈውን ኔቪል ሼድን አስቀምጦ ይህንን አጭር ልጅ በቋሚነት አስጀመረው። ሲያዩት እብደት ይመስላል። ሃሳቡ ግን ቀላል ነበር። ኬንታኪ ረጅም ተጫዋች የለውም፣ ኃይሉ ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ ሦስት ጋርድ አሰልፈህ ሩጫቸውን ገና ከመነሻው ታግደዋለህ። ወርስሊም 40 ደቂቃ ሙሉ ተጫወተ። የእሱ 8 ነጥብ ትንሽ ይመስላል፤ ኬንታኪ በልማዱ እንዳይሮጥ ያደረገው ግን የእሱ፣ የሂልና የአርቲስ ስድስት እግር ነው።

ዊሊ ኬጀርም የኒው ዮርክ ልጅ ነው። በ2006 የወጣው «ግሎሪ ሮድ» ፊልም ላይ የልብ ሕመምተኛው ልጅ ሆኖ ነው የቀረበው፤ ፊልሙን ያየ ሰውም በዚያ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ሐኪም ብሆንም ሰውን በምርመራ ውጤቱ መጥራት አልወድም፣ ተማሪዎቼንም የምቆጣው በዚህ ነው። የጨዋታው ሠንጠረዥ እንደሚለው ኬጀር ከወንበር ተነሥቶ 30 ደቂቃ ተጫወተ፤ 8 ነጥብ አስቆጠረ፣ ከሰባት የቅጣት ምት ስድስቱን አስገባ። ሃሪ ፍሎርኖይ ስድስት ደቂቃ እንደተጫወተ ጉልበቱ ተጎዳና ሁለት ነጥብ ብቻ ይዞ ወጣ፤ ዓመቱን ሙሉ ከቅርጫቱ ሥር ኳስ ሲለቅም ለቆየ ልጅ መራራ ዕድል ነው። ሼድ በ12 ደቂቃ ሦስት ነጥብ አገባ። በሲንሲናቲው ጨዋታ ቡጢ ሰንዝሮ ከሜዳ የተባረረ ልጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ ቦታውን ለአጭሩ ወርስሊ መልቀቁ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሰባቱ እነዚህ ናቸው። በዚያ ምሽት ሌላ ሰው ሜዳ አልገባም፤ 72ቱም ነጥብ የእነሱ ነው።

ግን ቡድኑ 12 ሰው ነበረው፤ ከቀሩት አምስት አራቱ ነጮች ሲሆኑ አንዱ የኤል ፓሶ ተወላጅ የሆነ ሜክሲኳዊ አሜሪካዊ ነው። ከእነዚህ መካከል ጄሪ አርምስትሮንግን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከፍጻሜው በፊት በነበረው ምሽት፣ በግማሽ ፍጻሜው፣ ያ ቼምበርስ 38 ነጥብ ሲያዘንብባቸው የተያዘው በአርምስትሮንግ ነው። ሌሎቹ ሞክረው አልቻሉም፤ ይህ የሚዙሪ ነጭ ልጅ ገብቶ አዳከመው፣ ጨዋታውም 85 ለ 78 አለቀ። በማግስቱ ግን አርምስትሮንግ አንዲት ደቂቃ አልተሰጠውም። ሃስኪንስ እስከ ዕለተ ሞቱ «ምርጦቼን ነው ያጫወትኩት» ከማለት አልተመለሰም። ይህን ሳምን ለፍጻሜው ልክ ነበር እላለሁ፤ ለሦስት ጋርድ ስልት አርምስትሮንግ ቦታ አልነበረውም። ግን ያለ እሱ ፍጻሜ የሚባል ነገር አልነበረም።

አሁን «ያዙልኝ» ወዳልኳችሁ ልመለስ። በዚያን ዘመን ስለ ጥቁር ቡድን ይነገር የነበረው ተረት፣ መሮጥና መዝለል እንጂ ማሰብና መታገስ አይችሉም የሚል ነበር። ሠንጠረዡን ስታነቡት ነገሩ የተገለበጠ ነው። ኬንታኪ 70 ጊዜ ወርውሮ 27 አስገባ። ቴክሳስ ዌስተርን የወረወረው 49 ጊዜ ብቻ ነው፣ ያስገባውም 22። በሜዳ ጎል ኬንታኪ በአምስት ይበልጣል ማለት ነው! ልዩነቱን የፈጠረው የቅጣት ምት ነው፤ ኬንታኪ ከ13 ምት 11 ሲያገባ እነሱ ከ34 28 አገቡ። በሁለተኛው አጋማሽ ልዩነቱ ወደ አንድ ነጥብ በወረደ ጊዜም አልተደናበሩም፤ ኳሷን ይዘው፣ ወደ ቅርጫቱ እየገቡ፣ ፋውል እያስነፉ፣ መስመሩ ላይ እየቆሙ ጨረሱት። ሲሮጥ የነበረው የአዶልፍ ራፕ ኬንታኪ ነው፤ በትዕግሥት የተጫወቱት ሰባቱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የተጻፈው ነገር ግን ወደ ጨዋታው አልመለሳቸውም። በ1968 ስፖርትስ ኢለስትሬትድ በጥቁር ስፖርተኞች ላይ ባወጣው ተከታታይ ጽሑፍ ኮሌጁ (በ1967 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኤል ፓሶ ተብሏል) ልጆቹን ተጠቅሞ ያለ ዲግሪ የጣለ ሆኖ ቀረበ። በ1976 ደግሞ ደራሲው ጄምስ ሚችነር ያንኑ ይዞ በመጽሐፉ አሠራጨው። ጽሑፉ ስለ ዩኒቨርሲቲው የተናገረው ሁሉ ሐሰት አይደለም። በዚያው በ1968 በጥቁሮች ላይ ያለውን አቋም በመቃወም ከብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር አንወዳደርም ያሉ ጥቁር ሯጮችንና ዘላዮችን ከቡድን አስወጥቷል። አንዱ ቦብ ቢመን ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የእኛው ማሞ ወልዴ ማራቶን ባሸነፈበት በሜክሲኮ ኦሊምፒክ 8 ሜትር ከ90 ዘልሎ ዓለምን ጉድ ያሰኘው። ሚችነር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ያልተመረቀን ሰው ለዘላለም እንዳልተመረቀ ቆጥሮ ማለፉ ለእኔ ይቅር የሚባል አይደለም። እዚህ መጽሔት ላይ ስማችን ካለው መካከል በሰዓቱ ያልጨረስን ስንት ነን? ሼድ፣ ፍሎርኖይና ወርስሊን ጨምሮ በርካቶቹ ዲግሪያቸውን ይዘዋል። አርቲስ በትውልድ ከተማው በጌሪ መርማሪ ፖሊስ ሆኖ ሠራ። ወርስሊ ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ ወጣቶችን አስተማረ፣ አሰለጠነ። ሼድ በሳን አንቶኒዮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር ሲሠራ ኖረ። ላቲን በባለሙያዎች ሊግ ተጫወተ።

ቦቢ ጆ ሂል ኤል ፓሶን አልለቀቀም። እዚያው በጋዝ ኩባንያ ተቀጥሮ ኖረና በ2002 በ59 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ። በ2007 ቡድኑ በሙሉ በቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ሲገባ እሱ አልነበረም። የተመዘገቡት ግን በዚያች ምሽት የተጫወቱት ሰባቱ ብቻ አይደሉም፤ 12ቱም ናቸው፣ አንዲት ደቂቃ ያላገኘው አርምስትሮንግም ጭምር።