የካርስት የከርሰ ምድር ውኃ

የካርስት የከርሰ ምድር ውኃ በውኃ ኃይል ቀስ በቀስ በሟሟ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚጠራቀምና የሚፈስ ውኃ ነው። ከዓለም ሕዝብ 10 በመቶ የሚጠጋው የመጠጥ ውኃውን የሚያገኘው ከእንዲህ ዓይነት አለት ነው። ይህ ውኃ ወደ ምድር ፈጥኖ ይገባል፤ ፈጥኖም ይበከላል። በባሕር ዳርቻ ትልቁ ሥጋት የባሕር ጨው ሲሆን፣ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ከባሕር የራቁ ከተሞች ደግሞ ከሰፈር የሚወጣ ፍሳሽ ነው።

አፈጣጠር

የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወስድ ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ በኖራ ድንጋይ ስንጥቆች እየገባ በረጅም ዘመን ያሰፋቸዋል፤ ስንጥቁ ቦይ፣ ቦዩም ዋሻ ይሆናል። በባሌ የሚገኘውና 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የሶፍ ዑመር ዋሻ በዚህ መንገድ በዌብ ወንዝ የተፈለፈለ ነው። በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍ ውኃ በዝግታ ይጣራል፤ በሰፋፊ የካርስት ቦዮች የሚሄድ ውኃ ግን ቆሻሻውን እንደያዘ ሩቅ ሊደርስ ይችላል።

የባሕር ውኃ ሰርጎ መግባት

ጨዋማ ውኃ ከጨው አልባ ውኃ ስለሚከብድ በባሕር ዳርቻ የዝናቡ ውኃ በጨዋማው ላይ ይንሳፈፋል። ሆላንዳዊው ባዶን ጊበን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ጀርመናዊው ሄርዝበርግም እ.ኤ.አ. በ1901 እንዳሳዩት፣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ካለ ከባሕር ወለል በታች እስከ 40 ሜትር ድረስ ጨው አልባ ይሆናል። ስለዚህ በፓምፕ ብዛት ውኃው 1 ሜትር ዝቅ ቢል፣ ጨዋማው ውኃ ከጊዜ በኋላ ከሥር 40 ሜትር ያህል ሊወጣ ይችላል። በካርስት አገር ስሌቱ ሁልጊዜ አይሠራም፤ የባሕሩ ውኃ ቦዮቹን ተከትሎ ወደ መሀል አገር ሊዘልቅ ይችላልና። ከ100 ሊትር ውኃ ውስጥ 2 ሊትሩ የባሕር ውኃ ቢሆን እንኳ ጨውነቱ በምላስ ይታወቃል።

በቀይ ባሕር የሚገኙት የዳህላክ ደሴቶች ከዛጎልና ከኮራል በተሠራ የኖራ ድንጋይ ላይ ያረፉ ናቸው። በዳህላክ ከቢር ነዋሪዎች የዝናብ ውኃ ያጠራቅሙባቸው የነበሩ በርካታ ጥንታዊ ጉድጓዶች አሉ።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም፣ በጁራሲክ ዘመን ከፊሏን የሸፈነው ባሕር ወፍራም የኖራ ድንጋይ ትቶላታል። በትግራይ ያለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ስሙን ያገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከመጣው የሥነ ምድር ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ ነው። የመቐለ ከተማ ውኃ ከሚቀዳባቸው ቦታዎች አንዱ የዓይናለም የጉድጓድ መስክም በዚሁ የአለት ክልል ይገኛል።

ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ዝናብና ጎርፍ በደረቅ ወንዞች አሸዋና በአለት ስንጥቆች ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚያም ሳቢያንን በመሳሰሉ የጉድጓድ መስኮች ይቀዳል። በከተማዋ ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዓለም የጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊ ግራም ወሰን ያለፈ ናይትሬት አግኝተዋል። ዋናው ምንጩ የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። ናይትሬት በተለይ የጡጦ ወተት የሚጠጡ ሕፃናትን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ውኃውን ማፍላትም አያስወግደውም።

ከሚዛን ተፈሪ ጋር ሲነጻጸር

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ያሉበት የቡና አገር ሁኔታ የተለየ ነው። ድሬዳዋ በዓመት ወደ 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስታገኝ፣ ሚዛን ተፈሪ ወደ 2,000 የሚጠጋ ታገኛለች። አለቱም በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ውኃው በወፍራም ቀይ አፈርና በተሰነጠቀ አለት አልፎ በየተዳፋቱ በምንጭ ይወጣል። አፈሩ የተወሰነ ማጣሪያ ቢሆንም፣ ጥልቀት የሌለው ምንጭ ከላዩ ያለ መጸዳጃ ወይም የእርጥብ ቡና መፈልፈያ ፍሳሽ ሊበክለው ይችላል።

ጥበቃ

በባሕር ዳርቻ መፍትሔው ከሚተካው በላይ አለመቅዳትና ጉድጓዶችን ከባሕር ማራቅ ነው። ከባሕር በራቀ የካርስት አገር ደግሞ ውኃው ወደ ምድር የሚገባበትን ቦታ ከመጸዳጃ፣ ከቆሻሻ መጣያና ከፋብሪካ ፍሳሽ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቦዮቹ ሩቅ ስለሚሄዱ የጉድጓዱን ዙሪያ ብቻ ማጠር አይበቃም።